ከደፉ በታች

ከፍራሽ ቤቱ ጀርባ፣ ከአዌቱ ማዶ፣
ጓዳ ነው ስቱዲዮው፣ በብርድ ልብስ ተጋርዶ።
የእንቁላል ካርቶን ነው የግድግዳው ሽፋኑ፣
አንዳንዱ ላይ ዛሬም ላባ አለ በጎኑ።

ጂማ ነው። ይዘንባል። ቆርቆሮው ሲያወራ
እጃችንን አጣጥፈን ጠበቅን፣ ሥራ ሳንሠራ።
መይሙና መጣች፣ ከኮቺ በባጃጅ፣
ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ በእጅ።
ካፊያው እስኪያባራ ጉሮሮዋን ጠረገች፤
ሲያቆም፣ ያቆመ ሲመስለን፣ ማይኩን ጠጋ አለች።

ድምጿ እንዲህ ነው፦
ሲጀምር፣ የተኛ ልጅ እንዳትቀሰቅስ
በእግሯ ጣት የምትራመድ ሴት፤
ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግን
ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ ያለው አይሱዙ።
የማሽኑ መብራት ቀላ። ጆሮዬን ያዝኩ።

«በር ጠባቂ እንቅጠርላት» አለ ጋሽ ሙዘይን።
ራሱ ሲኒማ በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆሟል፤
ኮምፕረሰር ሲያስተምር ሌላ ምሳሌ አያውቅም።
«ደፉን እዚህ አድርግ» አለኝ፣ በጥፍሩ ስክሪኑን ነክቶ፣
«ከደፉ በታች ያለውን አትንካው፣ ይለፍ አንገቱን ደፍቶ።
ከደፉ በላይ ለዘለለው ግን፣ አራት ክንድ ከተነሳ
አንድ ክንድ ብቻ ፍቀድለት፤ ሦስቱን በር ላይ ይርሳ።»

ፍጥነቱስ?
«ጠባቂው ከቸኮለ፣ ከበሮው ገና ሳያንኳኳ ያንቀዋል፤
ቆዳ መሆኑ ይቀርና ትራስ ይመስላል።
ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ታገሠው፣ ሠላሳ ሚሊሰከንድ፤
የመጀመሪያው ምት ይግባ፣ ከዚያ ያዘው በክንድ።»

መልቀቂያውስ?
እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።
«ቶሎ ከለቀቀ፣ ዘፈኑ እንደ ሮጠ ውሻ ያለከልካል።
ከዘገየ ደግሞ
የቀደመው ጩኸት ያጠፋውን
ቀጥሎ የሚመጣው ሹክሹክታ ይከፍላል።»

አባቴ ትዝ አለኝ።
ወንድሜ ጮሆ፣ በሩን ወርውሮ የወጣ ማታ፣
እኔ በለሆሳስ የደብተር መግዣ የጠየቅኩ ለታ።
መልቀቂያው ዘግይቶ ነበር።

አሥር ለአንድ አደረግሁት፣ ጀማሪ አይደለሁ፤
መርፌዋ ተጋደመች፣ ድምፁ ሜዳ ሆነ፣ ኮራሁ።
መይሙና ኢርፎኑን አጥልቃ ሰማች፣
ደግማ ሰማች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ፊቷን አጠቆረች።
«ስጮህ ወደ ኋላ የሚስበኝ ማነው?»
«ኮምፕረሰር ነው።»
«ንገረው። እዚያች ቃል ላይ ለመድረስ
ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል። እጁን ያንሳ።»
ጋሽ ሙዘይን መንጋጋው እስኪታይ ሳቀ፤
ሁለት ለአንድ አወረደው።

ረጅሙ ሁሉ ካጠረ ወዲያ
ሙሉውን ወደ ላይ ማንሳት ነው የቀረው።
ስድስት ዴሲቤል።
አነሳሁ።
ወለሉ ላይ ተኝቶ የነበረ ሁሉ አብሮ ተነሳ፦
ምራቋን ስትውጥ፣
ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ሲጥ ሲል፣
የፍራሽ ቤቱ ልጅ ሳል፣
ከጩኸቷ በፊት የሳበችው ትንፋሽ፣ እንደ ጉድጓድ ገመድ ረጅም፤
ከዚያ ደግሞ፦ ጠብ።
ጠብ።
ከአሸንዳው፣ ጀሪካን ውስጥ።

ተያየን።
አባርቷል ብለን ነበር የቀዳነው።
አላባራም፤ ከደፉ በታች ነበር።

«ላጥፋው?» አልኩ።
ማንም አልመለሰልኝም። መብራት ሄደ።

በወሩ፣ ሂርማታ፣ ጠራራ ፀሐይ፣
ተሳፍሬ ስሄድ ባጃጅ ላይ፣
ሞተሩ ያጓራል፣ ስፒከሩ የተቀደደ፤
ሹክሹክታዋ ግን ከጩኸቱ በላይ ተራመደ።
ሾፌሩ ማን እንደሆነች አያውቅም። አልነገርኩትም።
ሁለተኛው ስንኝ አልቆ ሦስተኛው ሳይነሳ
አጠገቤ የተቀመጡት ባለ ኮፍያ ሽማግሌ
ቀና ብለው ሰማዩን አዩና
መዳፋቸውን ከሸራው ውጪ ዘረጉ፣
ይዘንብ እንደሆነ።